በ1950 ቢፈርም ኖሮስ? ለወጣት የሕግ ተማሪዎች

አንዲት የሕግ ተማሪ ሰሞኑን «ሴሬትሴ ካማ በ1956 ንግሥናውን መተዉ ካልቀረ በ1950 ትቶት ከስደት አይድንም ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። የሴሬትሴና የነጭ እንግሊዛዊቷ ሚስቱ የሩት ዊልያምስ ነገር የፍቅር ታሪክ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ሁልጊዜ ይቆጨኛል፤ ስለዚህ መልሴን ለሁላችሁም ልጻፈው። ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ሴሬትሴ ያኔ በብሪታንያ ሥር በነበረችው በቤችዋናላንድ፣ በዛሬዋ ቦትስዋና፣ የባንግዋቶ ሕዝብ አልጋ ወራሽ ነበር። ሕግ ሊማር ለንደን ሳለ በ1947 ሩትን ተዋወቀ። በመስከረም 1948 በቤተ ክርስቲያን ሊጋቡ ሲሉ የለንደኑ ጳጳስ የብሪታንያ መንግሥት ካልፈቀደ አይሆንም አሉ። ሁለቱ ግን በአራተኛው ቀን፣ መስከረም 29፣ በኬንሲንግተን መዝገብ ቤት ተፈራርመው ተጋቡ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ተቃውሞ ገጠማቸው። ሁለቱን ለይታችሁ እንድታዩ አደራ እላለሁ፤ አንዱ በክርክር የሚረታ ነው፣ ሌላው አይደለም።

የመጀመሪያው የአገሩ ሽማግሌዎች ተቃውሞ ነው። አሳዳጊው አጎቱ ቼኬዲ በሞግዚትነት አገሩን ያስተዳድር ነበር፤ እሱም ሆነ ሽማግሌዎቹ «ሳታማክረን አገባህ» አሉ። ሽማግሌ ሳይላክ የተፈጸመ ጋብቻ እኛ ዘንድ ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ ሰው ቁጣቸው አይገርመውም። ሴሬትሴ አልሸሻቸውም። በኅዳር 1948 ሴሮዌ ሄዶ በኮትላው፣ ማለትም በሕዝቡ ሸንጎ፣ ቀረበ። አብዛኛው ተናጋሪ ተቃወመው። በታኅሣሥ ደግሞ ቀረበ። በሰኔ 1949 ለሦስተኛ ጊዜ ሲቀርብ ግን በሺህ የሚቆጠር ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ ቼኬዲ ሥልጣኑን ለራሱ ይፈልገዋል የሚለው ጥርጣሬም ሥር ሰዷል። ሴሬትሴ ነገሩን ወደ አንድ ጥያቄ አጠበበው፤ ሚስቴን የማትቀበሉ ተነሡ አለ። ወደ 40 ሰዎች ተነሡ። የምትቀበሉስ ሲል ሸንጎው በሙሉ ማለት ይቻላል ብድግ አለ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ያስቆመው ተቃዋሚዎቹን ነው፣ ቁጥራቸው በሁሉም ዓይን ፊት እንዲታይ።

የዛሬ ወጣቶች አንድ ስብሰባ ላይ ከተረታችሁ ሁለተኛ አትመለሱም። ትዕግሥት ይጎድላችኋል። በአራት ቀን ውስጥ መጋባታቸውንም እያደነቅሁ ይህን ማለቴ እንደሚጋጭ አይጠፋኝም፤ ሁለቱንም አምንባቸዋለሁ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የደቡብ አፍሪካ ነው። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የማላን ፓርቲ በ1948 ሥልጣን ይዞ በ1949 የነጭና የሌላ ዘር ጋብቻን በሕግ ከልክሏል። ብሪታንያ ደግሞ የደቡብ አፍሪካን ወርቅና ዩራኒየም ትፈልጋለች፤ ቤችዋናላንድ እንዳትጠቀለልባትም ትሰጋለች። ስለዚህ በዳኛ ሃራጊን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ ሰውዬው ለመግዛት ብቁ ነው፣ ነገር ግን ጋብቻው ጎረቤቶቻችንን ያስቆጣልና አይሹም አለ። ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱን ተመልከቱ፤ ሴሬትሴ ደቡብ አፍሪካ እንዳይገባ ተከልክሏል፣ የቤችዋናላንድ አስተዳደር መቀመጫ ማፌኪንግ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ሥራውን መሥራት አይችልም። ሪፖርቱ ለአስርት ዓመታት ተቆልፎበት ኖረ።

በየካቲት 1950 የብሪታንያ ባለሥልጣናት ሴሬትሴን ለንደን ጠሩት። ሩት ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሁለቱም ወጥተው በሩ እንዳይዘጋባቸው እሷ ሴሮዌ ቀረች። የሕግ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። በዓመት 1,100 ፓውንድ ልንሰጥህ፣ ንግሥናውን ተውና እንግሊዝ ኑር አሉት። እምቢ አለ። በመጋቢት ለአምስት ዓመት ከአገሩ መታገዱ ታወጀ፤ በ1952 እገዳው ዘላቂ ተደረገ። እገዳው በታወጀ ሰሞን የብሪታንያ ከፍተኛ ኮሚሽነር ኤቭሊን ቤሪንግ ውሳኔውን ለሕዝቡ ሊያስረዳ ሴሮዌ ኮትላ ቢጠራ ሕዝቡ ቀረበት። ምትክ ንጉሥ ምረጡ ሲባሉም አሻፈረኝ አሉ። ያ የ1949 ሸንጎ ባይኖር ይህ ባልሆነ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄው ልምጣ። ሁለቱ ስምምነቶች «ንግሥናውን ተወ» በሚለው ይመሳሰላሉ፤ በምትኩ የሚያገኘው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። በ1950 ቢፈርም የሚያገኘው ገንዘብና ስደት ነበር። በ1956 ግን ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እንደ ተራ ዜጋ አገሩ ገባ። ቼኬዲም ከእሱ ጋር ታርቆ የራሱን የንግሥና መብት ተወ። ማንኛውንም ውል ስታነቡ ከምትለቁት ይልቅ ከፈረማችሁ በኋላ የት እንደምትቆሙ መርምሩ።

ተራ ዜጋ መሆኑም ጠቀመው። በ1962 ፓርቲ መሠረተ፤ በ1965 ምርጫ ከ31 መቀመጫ 28ቱን አሸነፈ፤ በመስከረም 30 ቀን 1966 የነጻይቱ ቦትስዋና ፕሬዚዳንት ሆነ። በዓመቱ በባንግዋቶ ምድር፣ ኦራፓ ላይ፣ አልማዝ ተገኘ። በዚያው በ1967 የማዕድን መብትን ከየጎሣው ወደ መንግሥት ያዞረው ሕግ ወጣ። ንግሥናውን ይዞ ቢቆይ ኖሮ ያን መብት ለባንግዋቶ እንዲያስከብር የሚጠበቅበት እሱ ራሱ ነበር።