እንጦጦ ላይ ያየሃቸው ሁለት ቁራዎች

ማጅራቱ ላይ ነጭ ካለው መንቁረ ወፍራሙ ቁራ ነው። «እንጦጦ አፋፍ ላይ ሁለት ዓይነት ጥቁር ቁራ አየሁ፣ በምን ልለያቸው?» ላልከው ቀላሉ መለያ ይሄ ነው። ሌላኛው ጭራ አጭሩ ቁራ ነው። እሱ ሁለመናው ጥቁር ነው።

ከታች ሆነህ ሲበሩ ካየሃቸው ነጩ አይታይህም። ያኔ ጭራቸውን እይ። የመንቁረ ወፍራሙ ረዘም ብሎ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው። የሌላኛው ክንፉ ሰፊ ሆኖ ጭራው በጣም ጉርድ ነው፤ ከኋላ የተቆረጠ ይመስላል። ሲያርፍም የክንፉ ጫፍ ከጭራው ያልፋል።

መጠናቸውም ይለያል። መንቁረ ወፍራሙ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ ጭራ አጭሩ 50 ገደማ። የትልቁ መንቁር ግን ልዩ ነው! ወፍራም፣ ወደ ታች የጎበጠ፣ ጫፉ ነጣ ያለ። ዋና መኖሪያው የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ስለሆነ እሱን ለማየት ብለው ከሩቅ አገር የሚመጡ አሉ። በደንብ እየው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፤ ነጭ ስላየህ ብቻ አትወስን። እኔ አንዴ ሱሉልታ መንገድ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ የቆመ ቁራ አይቼ መንቁረ ወፍራሙ ብዬ መዘገብኩ። ዞር ሲል ደረቱም ነጭ ነው። ለካ ሦስተኛ ዓይነት፣ ደረተ ነጩ ቁራ ኖሯል። ፊቱን እስኪያዞር ጠብቅ።