ቅዳሜ ታሽቶ ሰኞ የሚመለስ አንገት

ባለፈው ስለ ወገብ ከጻፍኩ በኋላ አንገታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ሳይቀየሙኝ አልቀሩም። ሰሞኑን የመጣው ጥያቄ ሁሉ ከትከሻ በላይ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። አንዳንዶቹን አንብቦ ለመጨረስ ራሱ ጤነኛ አንገት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ማጅራቷን ካመማት ሁለት ዓመት አልፎታል። በየሳምንቱ ቅዳሜ ትታሻለች። እሑድ እንደ አዲስ ሰው ትሆናለች። ሰኞ ከሰዓት ኮምፒውተር ፊት ስትቀመጥ ሕመሙ ከተፍ ይላል። የሚያሸኝ ሰው አይችልበትም መሰለኝ፣ ሌላ ልፈልግ ወይ? ትላለች።

መልስ፦ ሰውዬው ይችልበታል እህቴ። እሑድ ቀለል ካለሽ እሱ የድርሻውን ሠርቷል። አንቺ እሑድ ዕለት ምን ስትሠሪ ዋልሽ?

ብዙ ሰው መታሸት ማለት የተጣመመ አጥንት ማቅናት፣ የተቋጠረ ጅማት መፍታት ይመስለዋል። አይደለም። እጅ ሲያርፍበትና መገጣጠሚያው ቀስ ተብሎ ሲንቀሳቀስ ነርቮቻችን ለጊዜው ረጋ ይላሉ፣ ሕመሙ ይቀንሳል። የተወጠረው ጡንቻ ይላላል፣ አንገት ወዲያና ወዲህ መዞር ይጀምራል። ይህ ለሰዓታት ይቆያል፣ ሲበዛ ለጥቂት ቀናት። ከዚያ ያው የደከመ ጡንቻ ያንኑ ጭንቅላት ተሸክሞ ያው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ጭንቅላት ደግሞ አምስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስምንት ሰዓት ሙሉ አንድ ሐብሐብ ወደ ፊት ዘንበል አድርጎ መያዝ ማለት ነው። በመታሸት ብቻ የጠነከረ ጡንቻ ደግሞ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ስለዚህ ዋናዋ ቀን እሑድ ናት። ሕመሙ ሲብስ አንገትን ማሠራት ይከብዳል፣ ያስፈራልም። ቀለል ባለ ሰዓት ግን ይቻላል። እኛ ክሊኒክ ውስጥ ሁለቱን በአንድ ቀጠሮ የምናደርገው ለዚህ ነው። መጀመሪያ እጅ፣ ከዚያ እዚያው አልጋ ላይ እንቅስቃሴ። ጥናቶችን አሰባስበው የመረመሩ ሰዎችም ከሦስት ወር በላይ ለቆየ የአንገት ሕመም እጅና እንቅስቃሴ ተጣምረው ሲሰጡ ከእጅ ብቻ እንደሚሻል አይተዋል። እንቅስቃሴ ብቻውን ከሠራ ሰው ጋር ሲወዳደር ግን ብልጫው ያን ያህል አይደለም። ይህን ማለት ለእኔ ገበያ አይጠቅምም፣ ግን እውነቱ እሱ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጪ ብትባዪ እንቅስቃሴውን ምረጪ።

አብዛኛው ታካሚ የሚፈልገው ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። "ዶክተር፣ እጅዎ መድኃኒት ነው" ይሉኛል። (ዶክተር አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ።) እንቅስቃሴው ጋ ስንደርስ ስልካቸው ይጠራል። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን እኔም ማሸት ብቻ ነበር ሥራዬ። ታካሚዎቼ በጣም ይወዱኝ ነበር። አንዳንዶቹ ሦስት ዓመት ተመላለሱ። ያኔ ይህን እንደ ሙያ እቆጥረው ነበር። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ይልቅ ይህን ያዢ። በጀርባሽ ተኚ፣ ከጭንቅላትሽ ሥር የታጠፈ ፎጣ አድርጊ። ለሰው ድምፅ ሳታሰሚ "እሺ" እንደምትዪው አገጭሽን በጣም በትንሹ ወደ ጉሮሮሽ ሳብ አድርጊ። ጭንቅላትሽ ከፎጣው አይነሳም። አሥር ቆጥረሽ ልቀቂ። አሥር ጊዜ። ከአንገትሽ ፊት ግራና ቀኝ ያሉት ወፋፍራም ጡንቻዎች ገትረው ከወጡ አብዝተሻል፣ ቀንሺ። የምንፈልጋቸው ከነሱ ሥር ተደብቀው አንገትን ደግፈው የሚይዙትን ጥቃቅኖቹን ነው። ሕመም ሲቆይ መጀመሪያ የሚሰንፉት እነሱ ናቸው።

ቀጥሎ ቁጭ ብለሽ መዳፍሽን ግንባርሽ ላይ አድርጊ። ግንባርሽ መዳፍሽን ይግፋ፣ መዳፍሽም አይልቀቅ። ምንም ነገር መነቃነቅ የለበትም። አምስት ቆጥረሽ ተዪው። በኋላ በኩልና በሁለቱም ጎን ድገሚው። ጉልበትሽን ሁሉ አትጠቀሚ፣ ሲሶው ይበቃል።

ሦስተኛው የትከሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ዴንማርክ ውስጥ አንገትና ትከሻቸውን የሚያማቸው 198 የቢሮ ሠራተኞች ላይ የወጣ ጥናት አለ፣ በጣም የምወደው። አንዱ ቡድን በሚሳብ ላስቲክ ሁለት እጁን ወደ ጎን እስከ ትከሻው ድረስ ማንሳት ሠራ፣ በቀን ሁለት ደቂቃ ብቻ። ሌላው አሥራ ሁለት ደቂቃ። በሳምንት አምስት ቀን፣ ለአሥር ሳምንት። ምንም ካልሠሩት ጋር ሲወዳደሩ ሁለቱም ቡድኖች ሕመማቸው ቀነሰ። ሁለት ደቂቃ! ቡና እስኪፈላ እንኳ አይሞላም። ላስቲኩን ከስፖርት ዕቃ መደብር መግዛት አይጠበቅብሽም። ጎሚስታ ቤት ሄደሽ አሮጌ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ጠይቂ። አጥበሽ ከእግርሽ ሥር ትረግጪዋለሽ፣ ሁለቱን ጫፎች ትይዣለሽ፣ ታነሺያለሽ።

ትንሽ መቆጥቆጥ ይኖራል። በማግሥቱ ከበረደ ቀጥዪ። ወደ ክንድሽ የሚወርድ ሕመም ወይም መደንዘዝ ካመጣ አቁመሽ ታዪ። በሁለተኛው ሳምንት "ምንም ለውጥ የለም" ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። ቢያንስ ስድስት ሳምንት ስጪው። የቅዳሜውንም ሰው አትተዪው፣ ግን ከእሱ ጋር ጨርሰሽ ቤት ስትገቢ ፎጣውን አንጥፊ።

ጥያቄ፦ ስንት ትራስ ልጠቀም?

መልስ፦ አንድ። ጠዋት አንገትዎ ካላማረረ ትክክለኛው ትራስ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ታክሲ ውስጥ መስኮት ተከፍቶ ብርድ አንገቴን መታኝ፣ እንዴት ይውጣልኝ?

መልስ፦ የገባ ነገር ስለሌለ የሚወጣም የለም። ምናልባት ያን ሁሉ መንገድ አንገትዎን ወደ አንድ ጎን ይዘው፣ ትከሻዎን ሰብስበው ነው የሄዱት። የሞቀ ፎጣ ያድርጉበት፣ ያንቀሳቅሱት። በታክሲ የመስኮት ጦርነት ውስጥ ግን አልገባም።

ጥያቄ፦ አንድ ወጣት ጸጉሩን በተቆረጠ ቁጥር አስተካካዩ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ አንገቱን ቋ ያደርግለታል። ደስ ይለኛል፣ ጉዳት አለው? ይላል።

መልስ፦ አለው። አስቁመው።

ቋ የሚለው አጥንት ወደ ቦታው ሲመለስ አይደለም። መገጣጠሚያ ውስጥ ባለው ፈሳሽ ላይ ግፊት ሲቀንስ የሚፈጠር የጋዝ አረፋ ነው። ድምፁ ምንም አያክምም። አንገትህ ውስጥ ግን በአጥንቶቹ ቀዳዳ አልፈው ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱ ሥሮች አሉ። በድንገት ሲጠመዘዝ የደም ሥሩ የውስጥ ግድግዳ ሊቀደድ ይችላል። እዚያ የረጋ ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ብዙ ጊዜ አይደርስም፣ ግን ደርሷል፣ በወጣቶችም ላይ። የሠለጠነ ባለሙያ እንኳ ከመንካቱ በፊት ጠይቆና መርምሮ ነው፣ ብዙዎቻችን ደግሞ መጠምዘዙን ትተን ቀስ ያለውን መርጠናል። አስተካካዩ ትከሻህን ይሽልህ፣ ጉርሻውንም ስጠው፣ ጭንቅላትህን ግን አይያዝ።

እንዲህ ካደረጉ በኋላ ከዚህ በፊት የማያውቁት ከባድ የአንገት ወይም የራስ ሕመም፣ ማዞር፣ ነገሩን ሁለት አድርጎ ማየት፣ የአፍ መተሳሰር የመጣበት ሰው እስኪነጋ አይጠብቅ። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ጥያቄ፦ ኤምአርአይ ተነስቼ "ዲስክ ተንሸራቷል" ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ማንሳት ቀርቶ ዞር ብዬ ማየትም ፈርቻለሁ።

መልስ፦ ጃፓኖች አንገታቸውን ፈጽሞ የማያማቸውን 1,211 ሰዎች ኤምአርአይ አንስተው ነበር። ከመቶው 87 በሚሆኑት ላይ ዲስኩ፣ ማለትም በአጥንቶቹ መሀል ያለው ለስላሳ ትራስ፣ ወጣ ብሎ ተገኘ፣ በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉትም ብዙዎቹ እንደዚያው። ሽበት ስላለዎት ታመሙ አይባልም፣ ይህም እንዲሁ ነው። ክንድዎ ካልሰነፈና ካልደነዘዘ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ያድርጉትና ከላይ ለሒሳብ ሠራተኛዋ የጻፍኩትን ይጀምሩ። ያነሳዎትን ሐኪምም "ይህ ግኝት ከሕመሜ ጋር ይገጥማል ወይ?" ብለው ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ራስ ምታቴ የሚነሳው ከማጅራቴ ነው። የአንገት ሕክምና ይረዳኛል?

መልስ፦ ከአንገት የሚነሳ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት እንዲህ ያለባቸውን 200 ሰዎች ከፋፍሎ አንዱን በእጅ፣ አንዱን በእንቅስቃሴ፣ አንዱን በሁለቱም አከመ። ሦስቱም ተጠቀሙ፣ ከዓመት በኋላም ጥቅሙ አልጠፋም። መጀመሪያ ግን ማይግሬን ወይም የደም ግፊት አለመሆኑን ሐኪም ይይልዎት። ትኩሳት ካለውና አንገትዎ ድርቅ ካለ ጋዜጣም አያንብቡ፣ ሆስፒታል ይሂዱ። ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ሪያድ ቤት ውስጥ ተቀጥራ የምትሠራ እህት ናት። አንገትና ትከሻዋ ጨምድዶ ይይዛታል። ከቤት መውጣት አልችልም፣ የሚያሸኝም የለም ብላለች።

መልስ፦ የእኔ እህት፣ የራስሽ እጅ አለ። አንዲት የቴኒስ ኳስ ካገኘሽ (ልጆቹ አያጡም) ግድግዳና ትከሻሽ መሀል አድርገሽ ቀስ እያልሽ ተሻሺባት። አጥንቱ ላይ ሳይሆን ሥጋው ላይ። አንድ ሁለት ደቂቃ። የለም ካልሽ ካልሲ ጠቅልለሽ ቋጥሪ። ወዲያው አንገትሽን እስከሚዞርልሽ ድረስ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። ማታ ስትተኚ የፎጣውን ጨምሪ። ስትተኩሺ መተኮሻውን ጠረጴዛ ከፍ አድርጊው፣ ባልዲም በሁለት እጅ እየቀያየርሽ ያዢ። ሥራው ራሱ እንቅስቃሴ ነው የሚሉሽን አትስሚ። ሲደክም ውሎ መጎተትና አንገትን ለይቶ ማጠንከር አንድ አይደሉም። ሥራሽን ላቀልልሽ አልችልም፣ እሱን አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ስግደት አንገት ይጎዳል ወይ?

መልስ፦ ለአብዛኛው ሰው አይጎዳም። ሲነሱ ካዞረዎት ወይም እጅዎን ከደነዘዘዎት ይታዩ። ቁጥሩን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፣ እኔ አላስፈታም።

ጥያቄ፦ አንድ ልጅ ስለ አባቱ ጽፏል። ገጠር ናቸው፣ ስድሳን አልፈዋል። አንገታቸውን ካመማቸው ሦስት ወር ሆኖታል። ማታ ማታ ያልባቸዋል፣ ከስተዋል። ጎረቤት ያለ ወጌሻ ሊያሻቸው ነው። እስከዚያው የሚሠሩትን እንቅስቃሴ ላክልኝ ይላል።

መልስ፦ አልልክም። ወጌሻውንም ዛሬውኑ ደውለህ አስቁም።

ወጌሻን ልነቅፍ አይደለም። የኳስ ቡድን የሚሮጥለት ወጌሻ አለው፣ ብዙ ሰውም በነሱ እጅ ድኗል። ነገር ግን የሌሊት ላብ፣ ክሳትና የማይለቅ የአንገት ሕመም አንድ ላይ ሲመጡ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ቲቢ የሳንባ ብቻ አይደለም። አጥንቱን ከውስጥ ይበላዋል። የተበላ አጥንት ተጭኖ ሲታሽ ሊደረመስና ሕብለ ሰረሰሩን ሊጫን ይችላል፣ ከዚያ እጅና እግር ሽባ ሊሆን ይችላል። ካንሰርም እንዲህ ሊመጣ ይችላል።

የመንግሥት ሆስፒታል ውሰዳቸው። "አንገቴን ነው" ብቻ ብለው እንዳይመለሱ አብረሃቸው ሂድ፣ ላቡንና ክሳቱን አንተ ተናገር። ቲቢ ከሆነ መድኃኒቱ በነፃ ነው፣ ለወራት ይወሰዳል፣ ይድናል። ቁልፍ መቆለፍ ካቃታቸው፣ ሲራመዱ ከተንገዳገዱ ወይም ሽንት ካስቸገራቸው ደግሞ ነገ አትበል። ምን እንዳሉህ ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቀጭኔ ስንት የአንገት አጥንት አላት?

መልስ፦ ሰባት፣ ልክ እንዳንተ። የእሷ ረዘም ረዘም ይላሉ እንጂ። አይ፣ ቀጭኔ አሽቼ አላውቅም።