መጽሐፉ ከራስጌ ወደ መድረክ ሲወጣ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች ከደብረ ብርሃን እስከ ፍቼ፣ ከመሐል ሜዳ እስከ ሸዋ ሮቢት ካሉ አንባቢዎች የመጡ ናቸው። ሁሉም የሚያጠነጥኑት «ሕይወትህን ቀይር» በሚሉት፣ በየመደብሩና በየስልኩ በሚዞሩት ክርስቲያናዊ መጻሕፍት ላይ ነው። ጠያቂዎቹ ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶም ስለሆኑ ለየቤቱ እንደየቤቱ መልሰናል።

የቤት ለቤት ኅብረታችን 14 ሰው ነው። የ40 ቀኑን መጽሐፍ ከጀመርን ወዲህ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ የሚመጣ ጠፋ። እናቋርጠው? (የኅብረት መሪ፣ ደብረ ብርሃን)

አያቋርጡ፤ ቅደም ተከተሉን ግን ይገልብጡት። የአሜሪካዊው ፓስተር የሪክ ዋረን «ዓላማ መር ሕይወት» (The Purpose Driven Life) በ2002 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 40 ምዕራፍ ሆኖ፣ በቀን አንድ ምዕራፍ እንዲነበብ ታስቦ ነው። አብያተ ክርስቲያናት የእሑዱን ስብከት፣ የሳምንቱን የቤት ጥናትና የየቀኑን ንባብ በአንድ ርእስ አስረው እንደ ዘመቻ ተጠቀሙበት። ጉልበቱም ችግሩም ከዚያው ነው። ሦስቱም ቦታ አንድ መጽሐፍ ሲያስተጋባ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ የሚቀዳበት ጋን ብቻ ሆኖ ይቀራል። የተቀዳለት ሰው ደግሞ ጋኑን ተሸክሞ አይመጣም።

ሌላም አለ። ደራሲው ጥቅሶቹን የወሰደው ከ15 የተለያዩ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ነው፤ አንዳንዶቹ ቃሉን ሳይሆን ሐሳቡን በነጻ የሚያወርዱ ናቸው። ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። የታወቀውን የአማርኛ ጥቅስ ቢያስገባ ደራሲው የያዘው ነጥብ ጥቅሱ ውስጥ አይገኝም፤ የእንግሊዝኛውን ቢተረጉም ደግሞ አንባቢው መጽሐፍ ቅዱሱን ሲገልጥ ሌላ ነገር ያገኛል። «እኔ ጋ እንዲህ አይልም» ያለ አባል ካለዎት አያሳፍሩት፣ በትክክል እያነበበ ነው።

90 ደቂቃ ካላችሁ 10ሩን ለመክፈቻ ጸሎት፣ 45ቱን ለምንባቡ፣ 20ውን ለመጽሐፉ፣ የቀረውን እርስ በርስ ለመጸለይ ያድርጉት። ጥቅሱ ያለበት ሙሉ ምዕራፍ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ከዚያ ማን ለማን ተናገረው፣ ከፊቱ ምን አለ፣ ከኋላውስ? ለእነዚህ መልስ ሳይገኝ መጽሐፉ አይከፈት። በአንድ ምሽት ሁለት ጥቅስ ይበቃል። ሁሉንም ልመርምር ያለ ኅብረት በሦስተኛው ሳምንት ይሰለቻል። 14 ሰው አንድ ላይ ከተቀመጠ የሚናገሩት አራቱ ናቸውና ለውይይቱ ሰባት ሰባት ሆናችሁ ተከፈሉ። (40 ቀን ረዘመ የሚል ካለ፣ ጎረቤቱ ሁዳዴን 55 ቀን እንደሚጾም ያስታውሱት።)

በአመራር ሥልጠና ላይ «ራእይ የሌለው ሕዝብ ይጠፋል» ተብለን የአምስት ዓመት ዕቅድ አወጣን። ጥቅሱ ስለ ዕቅድ ነው? (ወጣት አገልጋይ፣ ሸዋ ሮቢት)

አይደለም። ምሳሌ 29፥18ን በአማርኛ ይክፈቱት፤ «ራእይ ባይኖር ሕዝብ መረን ይሆናል፤ ሕግን የሚጠብቅ ግን የተመሰገነ ነው» ይላል። «ይጠፋል» የሚለው የ1611 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው፤ በአመራር መጻሕፍት በኩል ዞሮ መጣ። ሰባኪ «ይጠፋል» ሲል ከሰሙ ጥቅሱን ያገኘው ከመጽሐፍ ቅዱሱ ሳይሆን ከሌላ መጽሐፍ መሆኑን ይጠርጥሩ።

የዕብራይስጡ ቃል ሐዞን ነው፤ ነቢይ ከእግዚአብሔር የሚቀበለው መገለጥ ማለት ነው። በ1ኛ ሳሙኤል 3፥1 በዔሊ ዘመን አይገለጥም ነበር የተባለው ራእይ ይኸው ነው። የቁጥሩ ሁለተኛ አጋማሽም ሕግን መጠበቅ ይላል፤ ነገሩ ቃሉ ሲታጣ ሕዝብ ልጓም ያጣል ነው። ዕቅዳችሁን አትቅደዱት፤ ዕቅድ ጥሩ ነገር ነው፣ በተለይ የገንዘብ ያዡን መዝገብ ካካተተ። ግን ዕቅድ በሉት። «ራእይ» ሲባል የሽማግሌዎቹን ሐሳብ መጠየቅ እግዚአብሔርን እንደ መቃወም ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ ስለ በጀቱ እንኳ የሚጠይቅ አይኖርም።

ሰባኪያችን «ታምሜአለሁ አትበሉ፣ ደኽይቻለሁ አትበሉ፣ አፋችሁ የተናገረው ይሆናል» ካለን ወዲህ በጸሎት ሰዓት ችግሩን የሚናገር የለም። እናቴ መድኃኒቷን ልታቆም ትፈልጋለች። (መምህርት፣ መሐል ሜዳ)

እኅታችን፣ ከእናትዎ እንጀምር። መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም ሳያይ አንድም ቀን አይቁም። የሳንባ ነቀርሳ ከሆነ የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው። በሁለተኛው ወር ሳሉ ቀንሶ ሰውነት ሲመለስ «ተፈውሻለሁ» ማለት ቀላል ነው፤ ጀርሙ ግን አላለቀም፤ የተረፈው መድኃኒቱን ተላምዶ ይነሣል፣ ቤተሰቡንም ይይዛል። የደም ግፊት ከሆነ ሕመሙ ራሱ አይሰማም፤ ያልተሰማ ሁሉ የዳነ አይደለም። ፈውስ ካለ በምርመራ ቢታይ የሚቀንስበት ነገር የለም።

ወደ ትምህርቱ ስንመጣ ሥሩ አሜሪካ ነው። ኢ. ደብሊው. ኬንየን (1867–1948 እ.ኤ.አ.) ጻፈ፣ ኬኔት ሄገን (1917–2003 እ.ኤ.አ.) በትንንሽ መጻሕፍትና በካሴት አዛመተው። ደጋፊ ጥቅሱ «ሞትና ሕይወት በምላስ እጅ ናቸው» የሚለው ምሳሌ 18፥21 ነው። ጎረቤቶቹን ያንብቡ፦ ቁጥር 8 ስለ ጆሮ ጠቢ፣ ቁጥር 17 ፍርድ ፊት ቀድሞ ስለሚናገር ሰው፣ ቁጥር 19 ስለ ተበደለ ወንድም ነው። ሐሳቡ የሐሜትና የምስክርነት ነው። በሐሰት መስክሮ ሰው ያስገደለ ምላስ አለ፣ አስታርቆ ያዳነም አለ። ሽምግልና የተቀመጠ የመንዝ ሽማግሌ ይህን ጥቅስ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

ታዲያ ትምህርቱ እኛ ዘንድ ለምን ቶሎ ያዘ? መሬቱ ድሮም የታረሰ ስለሆነ ይመስለናል። «ክፉ አታውራ»፣ «አታሟርት» እየተባለ ያደገ ሰው፣ ያው የሟርት ፍርሃት ጥቅስ ለብሶ ሲመጣለት እንግዳ አይሆንበትም። ሐዋርያቱ ግን አላሟረቱም፣ አልደበቁምም። ጳውሎስ ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን እንደተወው ይጽፋል (2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥20)፤ አፍሮዲጡ ለሞት ቀርቦ እንደነበር ይናገራል (ፊልጵስዩስ 2፥27)፤ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ይመክረዋል።

የጸሎት ሰዓቱን ለመመለስ ስብከት አይበቃም፤ መሪው ራሱ ይጀምር። «ወገቤን ያመኛል፣ ሐኪም ይህን ብሎኛል፣ ሐሙስ ደብረ ብርሃን የሚሸኘኝ እፈልጋለሁ» ይበል። በሽታው፣ የተባለው፣ የሚያስፈልገው፤ ሦስቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር። አንድ ሰው ደፍሮ ሲናገር ሌላው ይከተላል።

የያቤጽን ጸሎት 30 ቀን ብደጋግመው ይሰምራል? (ሸኖ)

1ኛ ዜና መዋዕል 4፥9–10 ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ በረጅም የይሁዳ ትውልድ ዝርዝር መካከል። ብሩስ ዊልኪንሰን በ2000 እ.ኤ.አ. ስለ እርሱ ባወጣው ትንሽ መጽሐፍ በየቀኑ እንዲጸለይ መከረ፤ ምንባቡ ግን አንድ ሰው ለመነ፣ እግዚአብሔርም ሰጠው ይላል እንጂ ቀን አይቆጥርም። ይጸልዩት። «አገሬን አስፋው» ሲሉ ብቻ የአጎትዎን ልጅ ወሰን እያዩ እንዳይሆን፤ በእኛ አገር በዚህ ነገር ስንቱ ፍርድ ቤት ተመላልሷል።

ለተፈናቃዮች ኤርምያስ 29፥11 በሽፋኑ የታተመበት የማበረታቻ መጽሐፍ ልናድል አስበናል። ጥሩ ስጦታ ነው? (የበጎ ፈቃደኞች ቡድን፣ ደብረ ብርሃን)

ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። መጀመሪያ ብርድ ልብስ።

ጥቅሱን ስትመርጡ ሳታውቁት ትክክለኛውን ቦታ ነክታችኋል፤ ምዕራፉ በእርግጥ ለተፈናቀሉ ሰዎች የተላከ ደብዳቤ ነው። ነገር ግን ሽፋኑ ላይ ያለው ቁጥር 11 ብቻውን ቶሎ የሚመጣ ስኬት ይመስላል። ቁጥር 10 ሰባ ዓመት ይላል። ደብዳቤው ሲነበብ ከሰሙት አዋቂዎች አብዛኞቹ አገራቸውን ሳያዩ እንደሚሞቱ ግልጽ ነበር። በቁጥር 5 እና 6 ቤት ሥሩ፣ ተክል ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ ይላቸዋል፤ በቁጥር 7 ለተቀመጡባት ከተማ ሰላም ጸልዩ ይላቸዋል። እንዲያውም ቀጥሎ (ቁጥር 21–23) ደብዳቤው በሐሰት የተነበዩላቸውን በስማቸው ጠርቶ ይወቅሳል። «በዚህ ዓመት ትመለሳላችሁ» ብሎ ማወጅ የኤርምያስ ሳይሆን የተቃዋሚዎቹ ስብከት ነው።

ስለዚህ መጽሐፉን ትታችሁ ምዕራፉን ከቁጥር 1 እስከ 14 ሳትቆርጡ ለሚፈልጉ ሰዎች ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው። የእርዳታ ሰልፍ ላይ ምንም ዓይነት የሃይማኖት ጽሑፍ አታድሉ፤ ዱቄት የሚጠብቅ ሰው እምቢ ማለት አይችልም። «ለምን ይህ ደረሰብህ» የሚል ምዕራፍ ያለበትን መጽሐፍ ደግሞ ጭራሹን አትውሰዱ። ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው አስተሳሰቡን እንዲያስተካክል መምከር ሁለተኛ በደል ነው።

ሰንበት ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ የሌላ ቤተ እምነት መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እንከልክል? (ፍቼ)

ሽፋኑ የተገነጠለው ስለ ከለከላችሁ ነው። ሽፋን ሲገነጠል ደራሲው ማን እንደሆነ፣ ከየት ሆኖ እንደሚናገርም አብሮ ይጠፋል፤ ልጁ ምክሩን የቤተ ክርስቲያን ምክር አድርጎ ይወስደዋል። ገልጦ ከመምህር ጋር ቢያነበው ይሻላል።

ገንዘብ ስለ ማቀድ፣ ቁጣን ስለ መግታት፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም የሚናገረውን ክፍል እንደ ማንኛውም ጥሩ ምክር ያንብቡት። ልብ ሊባል የሚገባው መጽሐፉ ውስጥ የሌለው ነገር ነው። ንስሐ አባት የለም፣ ቁርባን የለም፣ ጾም የለም፤ ኃጢአት «መጥፎ ልማድ» ሆኗል፣ ቅድስና «ስኬት» ሆኗል። ልጆቹ ራሳቸው በእርሳስ እያሰመሩ ይፈልጉ፣ የጎደለውን ከተናገሯችሁ ተምረዋል።

በአንድምታ ትርጓሜ አንድ ንባብ «አንድም» እየተባለ በብዙ ፊት ይታያል፤ ተማሪው ደግሞ ከመምህሩ እግር ሥር ሆኖ ይቀበለዋል። የዘመኑ መጽሐፍ አንድ ፊት ብቻ አለው፣ እሱም ሁልጊዜ «አንተ» ነው። ነገር ግን በምትኩ መጽሐፈ መነኮሳትን ማስጨበጥም ስሕተት ነው። ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ለመናንያን የተጻፉ ናቸው፤ የ17 ዓመት ልጅ ብቻውን ይዟቸው በሳምንቱ እህል ልተው ይላል። ለጀማሪ በአማርኛ የተተረጎሙት የግብፅ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ የነበሩት የአቡነ ሺኖዳ ሣልሳዊ አጫጭር መጻሕፍት ይመጥናሉ፤ ከእነሱ ጋር የወንጌል አንድምታን በሳምንት አንድ ምዕራፍ፣ ከመምህር ጋር። ደብረ ሊባኖስ ቅርባችሁ ነው፣ አባቶችን ጠይቁ።

ቤተ መጻሕፍት የለኝም። ያሉኝ «ሰባት ቁልፎች»፣ «አምስት ደረጃዎች» የሚሉ መጻሕፍት ናቸው። ከእነሱ ውጭ በምን ልስበክ? (ወንጌላዊ፣ እነዋሪ)

ስብከትዎን በዚህ ይፈትኑት፦ ጥቅሶቹን ሁሉ ቢያወጡ ሰባቱ ቁልፎች ይቆማሉ? ከቆሙ ከጥቅሱ አልመጡም፣ ጥቅሱ ጌጥ ነበር።

ፊልጵስዩስን ይጀምሩ። አራት ምዕራፍ፣ 104 ቁጥር ነው፤ በሳምንት 13 ቁጥር ያህል ቢወስዱ ስምንት እሑድ ይሞላል። ሰኞ የሳምንቱን ክፍል አምስት ጊዜ ጮክ ብለው ያንብቡ። ማክሰኞ ግሶቹን ያስምሩ፤ ማን ምን አደረገ፣ ማን ምን ታዘዘ። ረቡዕ የክፍሉን ሐሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፣ እምቢ ካለ ገና አልገባዎትም። መጽሐፎችዎን ሐሙስ ይክፈቱ፣ ከዚያ በፊት አይደለም። የወሰዱትን ሐሳብ «እገሌ እንደጻፈው» ብለው ይጥቀሱ፣ ጉባኤው አይንቅዎትም። ምሳሌዎቹን ግን ይጣሉ። የቢሮ አለቃና የአውሮፕላን ማረፊያ ታሪክ ለእነዋሪ ሰው ምኑ ነው? የጅሩን ሠንጋ ስንት ወር አስሮ እንደሚቀልብ የሚያውቅ ገበሬ ፊትዎ ተቀምጧል፣ ትዕግሥትን በዚያ ይንገሩት።

ስምንተኛው እሑድ ላይ «ሁሉን እችላለሁ» የሚለውን 4፥13 ያገኙታል። አንድ ቁጥር ቀድሞ ጳውሎስ መጥገብንም መራብንም ተምሬአለሁ ይላል፣ ደብዳቤውንም የጻፈው ታስሮ ነው። ሰባት ሳምንት አብሮ የመጣ ጉባኤ ማብራሪያ ሳይጠብቅ ይረዳዋል።

ለማኅበራችን አንድ መጽሐፍ ገዝተን 30 ኮፒ ብናደርግስ? (ደብረ ሲና)

ሙሉ መጽሐፍ አባዝቶ ማደል የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚከለክለው ነው፤ «ለአገልግሎት ነው» ማለት አይለውጠውም። 10 ቅጂ ግዙ፣ ለሦስት ሰው አንድ ይድረስ። ሰኞና ማክሰኞ አንዱ ጋ፣ ረቡዕና ሐሙስ ሌላው ጋ፣ ዓርብና ቅዳሜ ሦስተኛው ጋ ይደር። መዝገብ ያዙ፣ ካልሆነ በወሩ አራቱ አይገኙም።