አባቴ ጤፉን ለምን አይሸጥም?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ኢኮኖሚክስ እማራለሁ። ሸማች እርካታውን፣ ነጋዴ ደግሞ ትርፉን ከፍ የሚያደርገውን አስልቶ ይመርጣል ተብለናል። አባቴ ቢቸና እህል ይነግዳል። በውድ የገዛው ጤፍ ዋጋው ቢወርድበት «ከገዛሁበት በታች አልሸጥም» ብሎ መጋዘን ዘግቶበታል። ለደንበኞቹ ደግሞ በዱቤ ይሰጣል፣ ያውም ያለ ጭማሪ። ትምህርቱ ነው የተሳሳተው ወይስ አባቴ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ መጀመሪያ ዱቤውን ከክሱ አውጣው። ዱቤ የወሰደ ሰው በሚቀጥለው ገበያ ሌላ ጋ አይሄድም፤ እህል ሲያመጣም ቀድሞ የሚያሳየው ለአባትህ ነው። ይሄ ትርፍ ነው፣ ደብተር ላይ አይጻፍም እንጂ። ገበሬው ጥር ላይ በርካሽ ሲሸጥም «እስከ ክረምት ቢያቆየው ምን አለበት?» የሚል ከተሜ ሞልቷል። የማዳበሪያ ዕዳውን፣ ግብሩን፣ የልጁን ሰርግ ማን ይክፈልለት? ትምህርቱ ራሱ ሰው የሚመርጠው ባለው አቅም ውስጥ ነው ይላል። ተማሪዎች እሷን መስመር ለምን እንደምትዘሏት አይገባኝም።

የመጋዘኑ ጤፍ ግን ሌላ ነገር ነው። የተገዛበት ብር አንዴ ወጥቷል፣ ዛሬ ምንም አይወስንም። አባትህ ዋጋው ይጨምራል ብለው ከያዙት ደህና፤ ኪሳራውን ላለማየት ከያዙት ግን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 የጻፉት ነገር ነው የያዛቸው። መቶ ብር ማጣት የሚያመውን ያህል መቶ ብር ማግኘት አያስደስትም፤ ስለዚህ ሰው ኪሳራን ለመሸሽ ሲል የባሰ አደጋ ውስጥ ይገባል። ካህነማን እ.ኤ.አ. በ2002 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልሞበታል። ከሱ በፊት ኸርበርት ሳይመን (እሱም እ.ኤ.አ. የ1978 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸላሚ) ሰው ሁሉንም አማራጭ አያሰላም፣ በቂ የመሰለውን ሲያገኝ ይቆማል ብሎ ነበር። ደግሞ ማን ጊዜ አለው?

ኢኮኖሚስቱ ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1953 የተከራከረው በተቃራኒው ነው፦ ሰው በርግጥ ያሰላል ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፣ ግምቱ የሚተነብየው ነገር ይደርሳል ወይ በሉ። ጤፍ ሲወደድ እናቶች ሊጡ ውስጥ በቆሎ ወይ ዳጉሳ ይጨምራሉ፣ ቀመር የሚባል ነገር ሳያዩ። እዚህ ላይ ልክ ነው። እኔን ከጠየቅከኝ ግምቱ ለገበያው ሕዝብ ይሠራል፣ መጋዘን ዘግቶ ለተቀመጠ አንድ ሰው ግን ብዙም አይረዳም።

ፈተና ላይ መምህርህ ያሉትን ጻፍ። ቤት ስትሄድ ግን፣ ተቆጥተው ባሉበት ሰዓት ሳይሆን ቡና ላይ፣ «አባባ፣ ይሄ ጤፍ ባይኖርህ ኖሮ በዛሬው ዋጋ ትገዛው ነበር?» ብለህ ጠይቃቸው። «አልገዛም» ካሉ ይሽጡት።