በካርታ ቅርብ፣ በእግር ሩቅ

እህቴ፣ «ከከተማ ዳር አዲስ መኖሪያ ሰፈር ቤት ልንይዝ ነው፤ ትምህርት ቤቱም ባቡር ጣቢያውም ካርታው ላይ ቅርብ ናቸው፤ ያለ መኪና እንኖርበት ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። እንዲህ ባለ ሰፈር ስድስት ዓመት ስለኖርኩ የገጠመኝን ልንገርሽ።

እኔም ካርታ አይቼ ነው የገባሁት። ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ በቀጥታ ቢለካ 300 ሜትር ቢሆን ነው፤ ደወሉ ሲደወል መኝታ ቤት ድረስ ይሰማል። በመጀመሪያው ቀን ልጄን ይዤ ስወጣ ግን መንገዳችን ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ የሚወጣው በአንድ በኩል ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ዋናውን አስፋልት ይዞ፣ አጥሩን ዞሮ፣ በጎረቤት ሰፈር መግቢያ መመለስ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ! አምስት ደቂቃ ያልኩት ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

መውጫ የሌለው መንገድ ሲታሰብ ለክፋት አልነበረም፤ አላፊ መኪና ሰፈር ውስጥ እንዳይገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ የተጀመረው ራድበርን የተባለ ሰፈር መኪናውን በዝግ መንገድ አስቀርቶ፣ ለእግረኛው ግን ከቤቶቹ ጀርባ በፓርክ የሚያልፍ መንገድና ከአስፋልት ሥር መሿለኪያ ሰጥቶት ነበር። በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ዝግ መንገዱን ኮርጀው የእግረኛውን ትተውታል።

እኛ ሰፈር መላውን ያመጡት ልጆች ናቸው። የሽቦ አጥሩ ጥግ ላይ ተቆርጦ ወደ ጎን ተጠቅልሏል፤ ከሥሩ ሣሩ እስኪመለጥ የተረገጠ ቀጭን መንገድ አለ። ሲዘንብ ስለሚጨቀይ አንዱ ደግ ሰው ጣውላ ጣለበት። እኔ ራሴ ሁለት ቦርሳ ቀድጄበታለሁ። አጥሩ ሦስት ጊዜ ተጠገነ፣ ሦስቴም በሳምንቱ ተቆርጦ ተገኘ። በአራተኛው ዓመት ነዋሪው ፊርማ አሰባስቦ የሕፃን ጋሪ የሚያሳልፍ በር ተከፈተ። ያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት መግቢያው ላይ የሚሰለፈው መኪና በዓይን የሚታይ ያህል ቀነሰ።

ሳይክሉ ሌላ ጣጣ ነው። ጣቢያው አራት ኪሎ ሜትር ነው፤ ዘና ብሎ ለሚነዳ ሩብ ሰዓት። ቀለም የተቀባ የሳይክል መስመርም አለን፤ የሚያልቀው ግን መንገዶቹ የሚገናኙበት ላይ፣ በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ! የመታጠፊያው ጠርዝ የተለጠጠ ስለሆነ መኪናው ፍሬን ሳይነካ ይታጠፋል። በ60 የሚመጣ መኪና በ30 ከሚመጣው አራት እጥፍ የግጭት ጉልበት ይዞ ነው የሚመጣው። ባለቤቴ አንድ ሳምንት ሞክራ ተወችው፤ አልፈረድኩባትም።

የሳይክል መንገድ መኖሩም ብቻውን አያታልልሽ። የእንግሊዟ ከተማ ስቲቨኔጅ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለሳይክል የተለየ ሰፊ መንገድ ነበራት፤ መኪናውም እንደ ልቡ ይሄድ ስለነበር ሰዉ መኪናውን መረጠ። የኔዘርላንድሷ ከተማ ሃውተን ግን ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው የሚሄደውን መኪና በቀለበት መንገድ ታዞረዋለች፣ ሳይክሉን በመሀል ታሳልፈዋለች። እዚያ ሳይክል መንዳት ጽድቅ አይደለም፣ ያዋጣል እንጂ።

ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት በሥራ ቀን ጠዋት፣ ተማሪ በሚወጣበት ሰዓት፣ ልጅሽን ይዘሽ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ሂጂ። አጥሩን ስትዞሪ የተቆረጠ ሽቦና የተረገጠ ሣር ፈልጊ፤ ነዋሪው በየት ማለፍ እንደሚፈልግ ይነግርሻል። ሲመሽም አንዴ ተመለሺ፤ የእኛው በር ተከፍቶ እንኳ መብራት የገባለት ከዓመት በኋላ ነው።