በመጫወቻው በር ላይ ምን ይጻፍ?

ጥያቄ፦ ማራኪ በሚባለው ሰፈር አነስተኛ የልጆች መጫወቻ አለኝ። ሸርተቴ፣ ዥዋዥዌ፣ በሞተር የሚዞር ሽክርክሪትና አየር የሚነፋ መዝለያ ነው ያለን። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ይሞላል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ወጣቶች ስልካቸውን በዱላ ላይ ሰክተው እየገቡ ቲክቶክ ላይ ላይቭ ይገባሉ፤ የሚቀርጹት በዚያው ቅጽበት ለተመልካች ይተላለፋል። አንዲት እናት ልጇ ላይቭ ላይ መታየቷን ከዘመድ ሰምታ ዘበኛዬን ተቆጣችው፤ የከፈለችውን አስመልሳም ሄደች። ወጣቶቹን ስናገር «በነጻ እያስተዋወቅንህ!» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ቪዲዮ አይቼ መጣሁ የሚል ደንበኛ አለኝ። «መቅረጽ ክልክል ነው» ብዬ በር ላይ ልለጥፍ ወይስ ዝም ልበል?
(የመጫወቻ ባለቤት፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መቅረጽን አይከልክሉ፤ ላይቭን ግን ይከልክሉ። ወጣቶቹ ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ስለሚያወሩ ነው የተምታታብዎት።

አባት ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን በሸርተቴ ሲወርድ በስልኩ ቢቀርጽ ማንም ሊያስቆመው አይገባም። እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ፤ ሙያውን ከአባቴ ነው የወረስኩት። ሰው ዘመዱን ቀብሮ ሲመለስ «የእሱ ፎቶ አለሽ ወይ?» ብሎ ወደ ፎቶ ቤታችን ሲመጣ እያየሁ ስላደግኩ፣ የቤተሰብ ምስል ምን ያህል ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ክልከላዎ ወላጅንና ልጁን አይንካ።

የተቀረጸ ቪዲዮ ከመለጠፉ በፊት ጊዜ አለው። ቀራጩ ቤቱ ገብቶ ያየዋል፤ ከኋላ የሌላ ሰው ልጅ ገብታበት ከሆነ ይቆርጠዋል። እናቲቱም እዚያው «ልጄ ገብታብሃለች፣ አጥፋልኝ» ትለዋለች፣ ያጠፋል። ላይቭ ይህ ፋታ የለውም። ልጅቷ በካሜራው ፊት ባለፈችበት ቅጽበት ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው አይቷታል። ከተመልካቾቹ አንዱ ስክሪኑን ቀድቶ ቢያስቀምጥ ላይቭ የገባው ልጅ ራሱ አያውቅም። ቢጸጸት እንኳ መመለስ አይችልም።

እናቲቱ ለምን እንደዚያ እንደተቆጣች ደግሞ እርስዎም እዚሁ ከተማ ስለሚኖሩ አያጡትም። ልጅ ታግቶ ገንዘብ ተጠየቀ የሚል ወሬ ጎንደር ውስጥ ያልሰማ ወላጅ የለም። ብዙ እናት ልጇን ትምህርት ቤት የምታደርስበትን መንገድ እንኳ ትለዋውጣለች። ላይቭ የሚነግረው ምን እንደሆነ ያስቡት። ልጅቷ አሁን የት እንዳለች ይነግራል፣ ምን እንደለበሰች ይነግራል፣ ከማን ጋር እንደመጣች ይነግራል፣ ወላጅ አጠገቧ ይኑር አይኑር ይነግራል። ትናንት የተቀረጸ ቪዲዮ ትናንት የት እንደነበረች ነው የሚያሳየው። ከባሏ ተጣልታ ልጇን ይዛ የሸሸች ሴት አለች፤ ከገጠር ተፈናቅሎ መጥቶ ያለበት እንዳይታወቅ የሚፈልግ አባት አለ። እነዚህ ሰዎች ልጆቻቸውን ለአንድ ሰዓት ሊያስደስቱ ወደ እርስዎ ግቢ ሲመጡ ችግራቸውን በር ላይ አይናገሩም። ዘበኛዎ ሊለያቸው አይችልም። የቀረው መፍትሔ ሁሉንም ሰው እኩል የሚጠብቅ ደንብ ማውጣት ነው።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ያን ጊዜ ላይቭ የለም፤ አደባባይ ላይ ምስል የሚታየው በፎቶ ቤት መስኮት ነው። አባቴ ፒያሳ በነበረው ፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ የሙሽራ ፎቶ ከመስቀሉ በፊት ቤተሰቡን ያስፈቅድ ነበር። «እሷን አትስቀላት፣ ዓይን ይበላታል» የሚሉ እናቶች ነበሩ፤ ምክንያታቸው ምንም ይሁን ምን ፎቶው ወደ ፖስታው ይመለስ ነበር። ደንበኛ የሚያመጣለት ያ መስኮት መሆኑን ግን አባቴ አሳምሮ ያውቃል። ላይቭ ማለት ዓለም ሁሉ ደጁ ላይ የቆመበት የፎቶ ቤት መስኮት ነው፤ ማስፈቀዱ ለምን እንደቀረ ግን እስካሁን ሊያስረዳኝ የቻለ ሰው አላገኘሁም።

እዚህ ላይ ወጣቶቹ የሚያነሱት አንድ ክርክር አለ። የዚያው ሕግ አንቀጽ 28 ፈቃድ የማያስፈልግበትን ይዘረዝራል፤ በሕዝብ ፊት የተደረገ ወይም የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት ነገርና ሥነ ሥርዓት ከዚያ ውስጥ ነው። ጥምቀትን የሚቀርጽ ሰው ታቦቱን ያጀበውን ሕዝብ እየዞረ ሊያስፈርም አይችልም፤ ሕጉም ያንን አይጠይቅም። ነገር ግን ትኬት ተቆርጦ የሚገባበት፣ አጥር ያለው የልጆች መጫወቻ አደባባይ ነው ብሎ መከራከር በእኔ አረዳድ አያስኬድም። የአምስት ዓመት ልጅ በሽክርክሪት ላይ መዞሯ ለእሷና ለእናቷ እንጂ ለሕዝብ የሚመለከት ጉዳይ አይደለም።

ሌላው የአደጋ ነገር ነው። ስለዚህ በደብዳቤዎ አልጠየቁኝም፣ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምፈራው እሱን ነው። የሚዞር ሞተር አለዎት፤ በዱላ ላይ የተሰካ ስልክ ከሚዞር ወንበር ላይ ተዘርግቶ ብረት ቢመታ ወይም ሕፃን ላይ ቢወድቅ ምን ይሆናል? የአሜሪካው ኩባንያ የዲዝኒ የመዝናኛ መናፈሻዎች የሰልፊ ዱላን ከበራቸው የመለሱት በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለው መናፈሻቸው ሮለር ኮስተር (በሐዲድ ላይ በፍጥነት የሚወጣና የሚወርድ የመጫወቻ ባቡር) ላይ የተሳፈረ ሰው ዱላውን በማውጣቱ ባቡሩን ማስቆም ግድ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ዱላውን መናፈሻዎቻቸው ውስጥ ከለከሉ። ፎቶ ማንሳትን ግን አልከለከሉም፤ ቤተሰብ ዛሬም እንደልቡ ያነሳል። በዚያው 2015 ነሐሴ ኦሃዮ ውስጥ ባለው ሲዳር ፖይንት መናፈሻ ደግሞ አንድ ሰው የወደቀበትን ስልክ ሊፈልግ አጥር ዘሎ ገባ፣ ሮለር ኮስተሩ መትቶ ገደለው። በዚያ ሁሉ መሣሪያና ሠራተኛ መካከል የሆነ ነው። የእርስዎን ሽክርክሪት የሚጠብቀው አንድ ልጅ ነው፤ ማቆሚያውን የሚጫነው እጁ ቀራጭ ሲገፋ መዋል የለበትም።

እንግዲህ በሩ ላይ እንዲህ ያስጽፉ፦ «የራስዎን ልጅ ፎቶ ማንሳት ይቻላል። በግቢው ውስጥ ላይቭ መግባት አይቻልም። በመጫወቻዎቹ ላይ ስልክና ዱላ መያዝ አይቻልም።» ከዚህ በላይ አይጨምሩ፤ ረጅም ጽሑፍ የሚያነብ የለም። ጽሑፉ ትኬት መቁረጫው መስኮት ላይ ይሁን፤ ሰው ከመክፈሉ በፊት ማየት አለበት። ከገባ በኋላ የሚነገረው ደንብ ጠብ ያመጣል፣ ከመክፈሉ በፊት ያነበበው ግን ውል ነው። ዘበኛዎ ስልክ እንዳይነጥቅ ያስጠንቅቁት። የሰው ስልክ መንካት አይፈቀድለትም፤ «አጥፋው ወይም ውጣ፣ ገንዘብህ ይመለስልሃል» ማለት ይበቃዋል።

ማስታወቂያውንም እንዳያጡ በሳምንት አንድ ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት ቢሆን፣ ግቢው ሳይከፈት ወጣቶቹን ይጥሯቸው። ባዶውን ሽክርክሪት፣ አዲስ የተቀባውን ሸርተቴ፣ እርስዎን ራስዎን እያነጋገሩ ላይቭ ይግቡ። የራሳቸውን ታናናሾች ከወላጅ ፈቃድ ጋር ያምጡ። ደንበኛ የሚመጣው ቦታውን አይቶ ነው፤ የሌላ ሰው ልጆችን ፊት ማየት አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አይቆጡኝ። የድርጅትዎ ገጽ ካለ ገብተው ይመልከቱት። እርስዎ ራስዎ የደንበኞችዎን ልጆች ለጥፈው ከሆነ መጀመሪያ ያንን ያንሱ። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ወጥቷል፤ ድርጅት የሰው ምስል ሲይዝና ሲያሠራጭ ተጠያቂነት አለበት። ወጣቱን አስወጥተው የእርስዎ ገጽ በሕፃናት ፊት የተሞላ ከሆነ ማን ይሰማዎታል?

ጥያቄ፦ 19 ዓመቴ ነው። ላይቭ ገብቼ ተመልካቾች በሚልኩልኝ ጊፍት (ወደ ገንዘብ የሚለወጥ ስጦታ) እናቴን እረዳለሁ። ፋሲል ግንብ ትኬት ቆርጬ ገብቼ፣ ጥምቀተ ባሕሩ ጋም ሄጄ ሰው «አትቅረጪ» ይለኛል። ጎንደርን ለዓለም እያሳየሁ ለምን እንደ ሌባ እታያለሁ?
(ኤች፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ልጄ፣ እንደ ሌባ ያየሽ ሰው ተሳስቷል። ቱሪስት በጠፋበት በዚህ ጊዜ ግንቡን ከስልክሽ የሚያይ የዲያስፖራ ሰው ነገ ሊመጣ ይችላል፤ አንቺም እናትሽን በላብሽ ነው የምትረጂው። እኔ የምመክርሽ ካሜራሽ ወዴት ይዙር በሚለው ላይ ነው።

ፋሲል ግቢ 900 ሜትር አጥር ያለው ሰፊ ቦታ ነው፤ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ አለ። የአፄ ፋሲል ግንብ አለልሽ፣ የኢያሱ ቤተ መንግሥት፣ የእቴጌ ምንትዋብ ቤት፣ አንበሳ ይጠበቅበት የነበረው ቤት አለልሽ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ብርሃኑ ከጎን ሲገባ ድንጋዩ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው የማንንም ፊት አይፈልግም። ብዙ ላይቮችን አይቻለሁ፤ ቀራጩ ግንቡን ሦስት ደቂቃ አሳይቶ የቀረውን ጊዜ በጎብኚ ሴቶች ላይ ነው የሚያጠፋው። አስተያየት የሚጽፈው ተመልካች «ወደ ቀዮዋ አዙራት» ሲል ይታዘዘዋል። ያንን ተመልካች አትታዘዥው። ጊፍት ቢልክም አትታዘዥው። ስለ ግንቡ የምትናገሪውን አጥንተሽ ግቢ፤ ከአስጎብኚዎቹ አንዱን ከፍለሽ ወይም ለምነሽ አብሮሽ ይናገር፣ ተመልካችሽ ይቆይልሻል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትሄጂ ግን ላይቩን ከበር ውጭ አጥፊው። በጣሪያው ላይ የተሣሉት የመላእክት ፊቶች ያምራሉ፣ ሁሉም ሊያሳያቸው ይመኛል። ከሥራቸው ግን የሚያለቅስ ሰው አለ። ስለ ታመመ ልጁ ሊለምን የመጣ ሰው ሳያውቅ በዓለም ፊት መታየቱ ግፍ ነው።

ጥምቀት የአደባባይ በዓል ነው፤ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበውም የሁላችን ሆኖ ነው፤ ቅረጪ። ወጣቶቹ ውሃው ውስጥ ሲዘሉ ቅረጪ፣ ካህናቱን፣ ሆታውን ቅረጪ። ልብሳቸው ረጥቦ የሚወጡ ሴቶችን ግን አታሳዪ። ከፍ ያለ ቦታ ፍለጋም ዛፍና መድረክ ላይ አትውጪ፤ በዚያው በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ለተመልካች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ስንት ቤት እንዳለቀሰ ያኔ ልጅ ብትሆኚም ትሰሚያለሽ።

ስለ ገንዘቡም ልንገርሽ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 29 ያለ ፈቃድ የሰው ምስል አሳይቶ ያተረፈ ሰው እስካተረፈው ድረስ ካሣ ሊጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ጊፍት ትርፍ ነው። ታናሽሽ ጓደኛ ካለችና በስልክሽ ላይቭ ልግባ ካለችሽም እምቢ በያት፤ ቲክቶክ ራሱ ከ2015 ዓ.ም. ኅዳር ጀምሮ ላይቭ ለመግባት 18 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ መዝናኛ ቦታ ስትጫወት ላይቭ ላይ ታይታለች። ላይቭ የገባው ወጣት ከላይቩ ቆርጦ ገጹ ላይ ለጥፎታል፣ አሁንም አለ። አስተያየት የሚጽፉት ሰዎች የማይሆን ነገር ይጽፋሉ። ምን ላድርግ?
(እናት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬውኑ ከማንም ጋር ከመጣላትሽ በፊት ገጹን፣ ቪዲዮውን፣ የተጻፈውን አስተያየት በስልክሽ ስክሪን ቀድተሽ አስቀምጪ፤ ሊንኩንና ቀኑንም ጻፊ። ከተቆጣሽው በኋላ ቪዲዮው ቢጠፋ ማስረጃሽም አብሮ ይጠፋል።

ከዚያ ቪዲዮውን እንዲያነሳው ለወጣቱ በጽሑፍ ላኪለት፤ በቃል ብቻ አትነጋገሪ፣ በቴሌግራም ወይም በኤስኤምኤስ ይሁን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 29 አንሳ ተብሎ ወዲያው ያላነሳ ሰው ከትርፉ በላይ የሞራል ካሣም ሊጠየቅ እንደሚችል ይላል፤ ስለዚህ የላክሽበት ቀንና ሰዓት ዋጋ አለው። በመተግበሪያው ላይም ሪፖርት አድርጊ፤ ሕፃን መሆኗን የሚገልጸውን ምረጪ። ወጣቱን የሚያውቅ የሰፈር ሰው ወይም የነፍስ አባት ካለ ላኪበት፤ ብዙዎቹ ወጣቶች ክፋት ኖሯቸው ሳይሆን ያላሰቡት ነው፣ ትልቅ ሰው ሲነግራቸው ያነሱታል።

ከአስተያየት ጸሐፊዎቹ መካከል ስሟን፣ ትምህርት ቤቷን ወይም ቤታችሁን የጠቀሰ ካለ ግን ሽማግሌ አትጠብቂ። የቀዳሽውን ይዘሽ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ፤ ለትምህርት ቤቷም ከአንቺ በቀር ማንም እንዳይወስዳት በጽሑፍ አሳውቂ።