እንጦጦ የወጣ ሰው ጭንቀቱ ይወርድለታል ወይ?

ባለፈው ወር ስለ እሑድ የእግር ጉዞ ቡድኖች ጽፌ ነበር። ብዙ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ከግማሽ በላዩ የሚጠይቀው ስለ ጫማ ነው።

ለጫማ ጠያቂዎች በሙሉ፦ ሶሉ ያላለቀ ማንኛውም ጫማ ይበቃል። በክረምት ግን ጭቃው ያንሸራትታል።

"በሳምንት ስንት ሰዓት ልውጣ?" ላሉኝ፦ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በእንግሊዝ 20 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ያካተተ ጥናት አለ። በሳምንት 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ በተፈጥሮ መካከል ያሳለፉት ጤንነታቸው ደህና እንደሆነ የመናገር ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ጊዜው በአንዴ ይሁን ተከፋፍሎ ለውጥ አላመጣም። ስለወጡ ደህና ሆኑ ወይስ ደህና ስለሆኑ ወጡ የሚለውን ግን ጥናቱ አይለይም። ይውጡ፤ ሰዓትዎን እያዩ አይሂዱ።

እናታቸው "ያለ ጉዳይ ምን ያዞረኛል?" እያሉ ላስቸገሯቸው አንባቢ፦ እውነታቸውን ነው። ጉዳይ ይፍጠሩላቸው። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይውሰዷቸውና ኮሶውን ከወይራ፣ ወይራውን ከጽድ መለየት እንዳቃተዎት ይንገሯቸው። ከዚያ በኋላ ማስቆም ይቸግርዎታል።

አንድ ወጣት አባቱ ከሞቱ ወዲህ ቤት መዋል ከብዶት የጉዞ ቡድን ገብቷል። አራት ወር ሙሉ እሑድ እሑድ ወጥቷል። ፎቶው ላይ ይስቃል፤ ሲመለስ ብሶበት ነው። "ዛፉ ነው ያልሠራልኝ ወይስ እኔ ነኝ የተበላሸሁት?" ይላል።

አልተበላሸህም። ጫካ መድኃኒት ነው እየተባለ ሲወራ ሰው ተረሳ እንጂ። እንጦጦን ተመልከት። አንተ ከምታርፍበት ባሕር ዛፍ ሥር እናቶች ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸው ጎብጦ ቁልቁል ይወርዳሉ። ዛፉ ያው፣ አየሩም ያው ነው። የሚያሳርፈው ዛፉ ብቻ ቢሆን ኖሮ በከተማው ከእነርሱ የበለጠ ያረፈ ሰው ባልተገኘ ነበር።

እኔ በገባሁበት ቡድን መሪው የሚሄደው ከሁሉም ኋላ ነው። የመጀመሪያ ቀን ትንፋሽ አጠረኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ያለፈ ተራራ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ሰውዬው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ብርቱካን መላጥ ጀመረ። "አይዞህ" አላለኝም፤ ግማሹን ሰጠኝ። በሦስተኛው እሑድ ስቀር ማታ ደወለልኝ። ሐዘን ቤት የምናውቀውም ይህንኑ ነው፤ እድርተኛው ድንኳን ውስጥ የሚቀመጠው የሚያጽናና ቃል ስላለው አይደለም። ችግሩ ድንኳኑ በጥቂት ቀን ይነሣል፤ ለብዙዎች ሐዘኑ የሚጠናው ያን ጊዜ ነው። አንድ እሑድ ቅርና እይ፤ የሚደውል ከሌለ ቡድን ቀይር። አርባ ሰው አያስፈልግህም፤ ሦስት ይበቃል። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለህ ወይም መኖር ካስጠላህ ግን ቡድኑን ተወውና ሐኪም ዘንድ ሂድ።

"ወንድሜ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቱን አቁሞ 'ተራራው ይበቃኛል' ይላል፤ ደህናም ይመስላል" ላልሽኝ፦ አይሆንም። ይህን በለዘበ ቃል አልመልሰውም። መድኃኒት ሲቋረጥ ሕመሙ ወዲያው ላይመለስ ይችላል፤ ሰውየው ሳምንታት ደህና መስሎ ይከርማል፤ ቤተሰብም ይዘናጋል። አማኑኤል ሆስፒታልም ይሁን ሌላ ቦታ፣ መድኃኒቱን ያዘዘለት ሐኪም ዘንድ ነገ ጠዋት ይዘሽው ሂጂ። ጸበልም ይጠመቅ፣ ተራራም ይውጣ፤ መድኃኒቱን የሚቀንሰውም ሆነ የሚያቆመው ሐኪሙ ነው። ሄዳችሁ ስትመለሱ ጻፊልኝ፤ ሳትሄዱ ግን አትጻፊልኝ።

"ጆሮዬ ላይ ሙዚቃ ሰክቼ ብሄርስ?" ካሻዎት። ጎንዎ ያለው ሰው ግን ያናግርዎታል ብሎ አይጠብቅም።

"እንጦጦ ጅብ አለ ወይ?" ላሉኝ፦ አዎ፣ አለ። ጎህ ሲቀድ እሱም ወደ ቤቱ እየገባ ስለሆነ ብቻዎን አይቅደሙት።